ሰማይ ባይታረስም ንጉሥ ተከሰሰ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። አባባሉ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ ያጣምራል። ሰማይ የማይታረሰው ሞፈርና ቀንበር ይዞ ወደዚያ የሚወጣ ገበሬ ስለሌለ ነው። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው። ንጉሥ የማይከሰሰው ግን በዳይ ሳይሆን ቀርቶ ወይም ተበዳይ ጠፍቶ አይደለም፤ ዳኛው ራሱ የንጉሡ አሽከር ስለሆነ ነው። ይህ ደግሞ ሰው ሠራሽ ነው። ምሳሌው የሰውን ሥራ ከአላህ ሥራ ጋር አንድ ላይ አስሮ እንዳይነካ አድርጎታል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሻይ ይዘን ከተቀመጥንበት ይኸው ምሳሌ ተነሥቶ ሁለት ወንድሞች ተከራከሩ። አንደኛው «ለሕዝብ የሚበጀው አንድ ጠንካራ መሪ ነው፤ መቶ ሰው የሚጮህበት ሸንጎ አገር ያፈርሳል» አለ። ሁለተኛው «ግፈኛ በልመና አይወርድም፤ በሰይፍ እንጂ» ሲል መለሰ። ሁለቱም በዲናችን ማስረጃ አለን አሉ። እኔ በዚያን ሰዓት ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሁለቱም የሚሉትን ነገር እስከ መጨረሻው የሞከረ አንድ አገር በታሪክ ስለማውቅና ነገሩ በአንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው። ያ አገር እንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ በ1642 ንጉሡና ፓርላማው ጦር ተማዘዙ። በ1649 ደግሞ ሰማዩ እንዳለ ሆኖ ንጉሡ ተከሰሰ፤ ተፈረደበት፤ አንገቱም ተቀላ። ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ለዚያ የሻይ ክርክር የዘገየ መልስ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ቻርልስ ቀዳማዊ በ1625 ዙፋን ላይ ሲወጣ ከአባቱ ከጀምስ የወረሰው ዘውድ ብቻ አልነበረም። አንድ እምነትም ወርሷል። ይኸውም ንጉሥ የተሾመው በቀጥታ ከፈጣሪ ስለሆነ የሚጠየቀውም በፈጣሪ ዘንድ ብቻ ነው የሚል ነው። በአገራችን «ሥዩመ እግዚአብሔር» ይባል የነበረውን ማለት ነው። በሌላ በኩል የእንግሊዝ ፓርላማ ከመቶዎች ዓመታት ልማድ ያገኘው አንድ መያዣ ነበረው፤ ንጉሡ ያለ ፓርላማው ፈቃድ አዲስ ግብር መጣል አይችልም። ንጉሡ ሰይፉን ያዘ፤ ፓርላማው ከረጢቱን ያዘ።

በ1628 ንጉሡ ለጦርነት ገንዘብ ሲቸግረው ፓርላማው «የመብት አቤቱታ» የሚባለውን ሰነድ አቀረበለት። ያለ ፓርላማ ስምምነት ግብር አይጣል፤ ሰው ያለ ምክንያት አይታሰር፤ ወታደር በሰው ቤት በግድ አይደር የሚል ነበር። ንጉሡ ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ፓርላማውን በተነ፤ ከዚያም 11 ዓመት ሙሉ ያለ ፓርላማ ገዛ።

ገንዘቡን ከየት አመጣ? ቀድሞ በጦርነት ጊዜ ከባሕር ዳር ከተሞች ለመርከብ ማሠሪያ ይሰበሰብ የነበረውን መዋጮ በሰላም ጊዜ፣ ያውም ባሕር አይተው በማያውቁ የመሐል አገር ሰዎች ላይ ሁሉ ጣለው። ጆን ሐምፕደን የተባለ ባለ ርስት የተጠየቀው 20 ሽልንግ ነበር። ሀብታም ስለነበር ገንዘቡ አልከበደውም። የከበደው ነገር ሳይጠየቁ መከፈሉ ነውና አልከፍልም ብሎ ተከሰሰ። 12 ዳኞች ተሰየሙ፤ በ1638 ሰባቱ ለንጉሡ፣ አምስቱ ለሐምፕደን ፈረዱ። ንጉሡ ረታ። ሆኖም ሕዝቡ የቆጠረው ሰባቱን ሳይሆን አምስቱን ነበር።

በዚህ ላይ ሃይማኖት ተጨመረ። ሊቀ ጳጳሱ ዊልያም ሎድ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ሁሉ በአንድ መልክ ካልሆነ አለ። በ1637 ይህን በጽሑፍ የተቃወሙ ሦስት ሰዎች ጆሯቸው ተቆረጠ። እኛ ብዕር የያዝን ሰዎች ይህችን ዓመት ብናስታውሳት መልካም ነው። በዚያው ዓመት ንጉሡ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ በስኮትላንድ ላይ በግድ ሊጭን ሲሞክር ስኮትላንዳውያን ተነሡበት። ጦር ይዘው ገብተው ሰሜን እንግሊዝን ያዙ፤ ይባስ ብሎም ለጦራቸው ቀለብ በቀን 850 ፓውንድ እንዲከፍላቸው አስፈረሙት። ንጉሡ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ በኖቬምበር 1640 የጠላውን ፓርላማ መልሶ ጠራ።

ሁሉ ተፈቅዶ ሳለ ለምን ተዋጉ?

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በ1641 ክረምት መጨረሻ ፓርላማው የጠየቀውን አብዛኛውን አግኝቶ ነበር። ፓርላማ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲጠራ፣ ያለ ራሱ ፈቃድ እንዳይበተን፣ ጆሮ ያስቆርጥ የነበረው ችሎት እንዲዘጋ፣ የመርከቡ ግብር ሕገ ወጥ እንዲባል ንጉሡ በፊርማው አጽድቋል። ታዲያ ሁሉ ከተፈቀደ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ደም ፈሰሰ?

መልሱ አንድ ቃል ነው፤ አማና። ፊርማው ነበረ፤ ፈራሚውን የሚያምን ግን አልነበረም። የ1628ቱን ሰነድ ተቀብሎ ያፈረሰ ሰው የ1641ዱን ላለማፍረሱ ማን ዋስ ይሁን? የገዛ ታማኙ የስትራፎርድ ዕጣም ምስክር ሆነ። ንጉሡ ሕይወቱም ክብሩም ሀብቱም እንደማይነካ በደብዳቤ ቃል ገብቶለት ነበር። በሜይ 1641 ግን የሞት ፍርዱን የፈረመው እሱው ነው። ለወዳጁ የገባውን ቃል ያልጠበቀ ለጠላቱ ይጠብቃል ብሎ የሚያስብ የዋህ ነው።

ነገር ግን ፍትሐዊ እንሁን። በስትራፎርድ ላይ ፓርላማውም ንጹሕ አልነበረም። በመደበኛ ክስ ክሕደቱን ማስረዳት ሲያቅተው «ሞት ይገባዋል» የሚል አዋጅ አውጥቶ ነው ያስገደለው። ሕግን ለማዳን የተነሣ ሸንጎ ሕግን በቁሙ የጠመዘዘው ያኔ ነው። የመጀመሪያዋ ጥመት ትንሽ ትመስላለች፤ መንገዱን የምትመራው ግን እሷ ናት።

በኦክቶበር 1641 አየርላንድ ውስጥ አመፅ ፈነዳ። አመፁን የሚያበርድ ጦር ያስፈልጋል፤ ጦሩን ማን ይዘዘው? ለንጉሡ ቢሰጡት ከአየርላንድ መልስ ወደ እነሱ ያዞረዋል ብለው ፈሩ። ንጉሡ ደግሞ ጦር የማያዝ ንጉሥ ምኑን ንጉሥ ነው አለ። በጃንዋሪ 4 ቀን 1642 ወደ 400 የሚጠጉ የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ አምስት የምክር ቤት አባላትን ሊይዝ በአካል ገባ። ሰዎቹ ቀድመው ሰምተው በቴምዝ ወንዝ በጀልባ አምልጠዋል። አፈ ጉባኤውን የት ናቸው ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰውዬው ተንበርክኮ፣ ምክር ቤቱ ካላዘዘው በስተቀር የሚያይበት ዓይንም ሆነ የሚናገርበት ምላስ እንደሌለው ገለጸለት። ከስድስት ቀን በኋላ ንጉሡ ለንደንን ለቆ ወጣ። የተመለሰው እስረኛ ሆኖ ነው።

የእንጀራውና የእውነቱ ጣጣ

በኦገስት 22 ቀን 1642 ንጉሡ በኖቲንግሃም ሰንደቁን ተክሎ ጦርነት አወጀ። ሰንደቁን የያዘለት ሰር ኤድመንድ ቬርኒ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ይህ ሰው በልቡ ፓርላማው እውነት አለው ብሎ ያምን ነበር። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያህል የንጉሡን እንጀራ በልቶ በክፉ ቀን ጥሎት መሄድን ነውር ብሎ ቆጠረው። በኦክቶበር በኤጅሂል ጦር ሜዳ ሰንደቁን እንደያዘ ተገደለ። ልጁ ራልፍ ግን ከፓርላማው ጋር ቆሞ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነት ማለት ይህ ነው። አባት ባላመነበት ነገር ይሞታል፤ ልጅ ያመነበት ነገር አባቱን ይገድልበታል።

ጦርነቱ ከነተከታዩ እስከ 1651 ዘለቀ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት 5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረው በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ በጦርነቱና እሱ ባመጣው በሽታ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው አልቋል። አየርላንድ በሕዝቧ ቁጥር ልክ ሲታይ ከዚህ እጅግ የባሰ መከራ ደርሶባታል።

ፓርላማው በ1645 አዲስ ጦር አደራጅቶ በናዝቢ ድል ነሣ፤ ንጉሡም በ1646 እጁን ለስኮትላንዳውያን ሰጠ። ይህ የመጨረሻው የእርቅ ዕድል ነበር። ሁሉም ወገን ዙፋኑን ሊተውለት ፈቃደኛ ነበር፤ ውሉን እንዲያከብር ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ቻርልስ ግን ከፓርላማው ጋር እየተደራደረ ከጦር መሪዎቹ ጋር ይነጋገራል፤ ከጦር መሪዎቹ ጋር እየተነጋገረ ከስኮትላንዳውያን ጋር በስውር ይዋዋላል። በ1647 መጨረሻ ከስኮትላንዳውያን ጋር ፈረመና በ1648 ሁለተኛ ጦርነት አስነሣ። ሥዩመ እግዚአብሔር ነኝ የሚል ሰው ለተገዢዎቹ የሚገባውን ቃል እንደ ዕዳ አይቆጥረውም ነበር። በሙናፊቅ ምልክቶች ላይ የመጣውን ሐዲስ የሚያውቅ አንባቢ የቃል ማፍረስ ቦታ የት እንደሆነ ያውቃል። ከእስር ቤት ሆኖ ሁለተኛ ደም ካፋሰሰ በኋላ የጦሩ ሰዎች የደም ሰው ነው፣ ደሙም ይጠየቅ አሉ።

ከሳሾቹ ሲከሰሱ

እስከዚህ ድረስ የሁለተኛው ወንድማችን ክርክር የሚረታ ይመስላል፤ ግፈኛው በልመና አልወረደም። ቀጥሎ የሆነውን ግን እንመልከት።

ፓርላማው አሁንም ከንጉሡ ጋር ለመስማማት ወደደ። ስለዚህ በዲሴምበር 6 ቀን 1648 ኮሎኔል ፕራይድ የተባለ መኮንን ከነወታደሮቹ በምክር ቤቱ በር ላይ ቆሞ የማይፈለጉትን አባላት መለሰ፤ አንዳንዱንም አሰረ። ንጉሡ በ1642 አምስት ሰው ሊይዝ ቢገባ ጦርነት ተነሣ፤ ይህ ኮሎኔል ከመቶ በላይ ሰው ሲያግድ ድርጊቱ ነፃነት ተባለ። ከወንፊቱ የተረፉት ጥቂቶች ችሎት አቋቋሙ። ከተሾሙት 135 ዳኞች ብዙዎቹ ድርሽ አላሉም፤ የሞቱን ወረቀት የፈረሙት 59 ናቸው።

ቻርልስ በችሎቱ ፊት ቆሞ ዕድሜ ልኩን ያላነሣውን ጥያቄ አነሣ፤ በየትኛው ሕግ፣ በማን ሥልጣን ነው የምትዳኙኝ? ሕግ የሌለው ኃይል ሕግ ማውጣት ከቻለ ከዛሬ በኋላ የማንም ተገዢ ሕይወትና ንብረት ዋስትና የለውም ሲል ተከራከረ። ይህን የተናገረው የሐምፕደንን 20 ሽልንግ ያለ ሕግ የወሰደ ሰው ነው። ነገር ግን እውነት ከማን አፍ ወጣች ተብላ አትጣልም። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ መልስም አልተሰጠውም። ከተፈረደበት በኋላ ልናገር ቢል እንኳ ከለከሉት። ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 ብርድ ነበርና ተንቀጥቅጦ ፈራ እንዳይባል ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ወጥቶ ሞተ። ተንኮሉ ሁሉ ተረሳ፤ ሰማዕት ተባለ። ያለ ሕግ የሚፈስ ደም ወንጀለኛውን እንኳ ያጥባል።

ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ በጦሩ አለቃ በኦሊቨር ክሮምዌል እጅ ገባ። ክሮምዌል የሐምፕደን ዘመድ ነው። ሰጋጅ፣ ጿሚ፣ የፈጣሪን ስም ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር። በ1649 አየርላንድ ውስጥ በድሮኸዳና በዌክስፎርድ ከተሞች በሺህ የሚቆጠር ሰው አስጨረሰ፤ ይህንንም የፈጣሪ ፍርድ ነው አለ። የካቶሊኮቹ መሬት ተነጥቆ ለአሸናፊዎች ታደለ። በ1653 የቀረውን ፓርላማ በወታደር አስወጥቶ በሩን አስቆለፈ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም «ጠባቂ» ተብሎ ብቻውን ገዛ። በ1655 አገሪቱን በጄኔራሎች ከፋፍሎ አስተዳደረ።

በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ ፓርላማ ያላጸደቀውን ቀረጥ አልከፍልም አለ። ጉዳዩ የሐምፕደን ጉዳይ ነበር፤ አንድም ልዩነት የለውም። ልዩነቱ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ንጉሡ ሐምፕደንን በ12 ዳኞች ፊት አስከራክሮታል። ክሮምዌል ግን የነጋዴውን ጠበቆች እስር ቤት ከተታቸው።

የጋዜጣም ነገር እንዲሁ ነው። የንጉሡ ችሎት በ1641 ሲዘጋ የለንደን ማተሚያ ቤቶች ዜና ማጉረፍ ጀመሩ። በ1643 ግን ያው ፓርላማ ሳንሱርን መልሶ አመጣ። ጆን ሚልተን በ1644 ሳንሱርን የሚቃወም ዝነኛ ጽሑፍ ጻፈ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እሱ ራሱ ለአዲሱ መንግሥት ጋዜጣ መርማሪ ሆኖ ሠራ። እኛን ሙስሊሞችን የሚነካ ነገርም አለ። የቁርኣን የመጀመሪያው ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከፈረንሳይኛ ተመልሶ ለንደን ላይ የታተመው ንጉሡ በተሰየፈበት በ1649 ነው። ለኅሊና ነፃነት ደም አፈሰስን የሚሉት ሰዎች ኅትመቱን ሊያስቆሙ ማተሚያውን አስፈተሹ። መጽሐፉ ከነተርጓሚዎቹ ጥላቻ ለማንኛውም ወጣ።

በሁለቱ መካከል

ቶማስ ሆብስ የተባለው ፈላስፋ ይህን ሁሉ ከስደት ሆኖ አይቶ በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ወንድማችንን ሐሳብ አጠንክሮ አቀረበ። ሰው ሁሉ በሰው ላይ ከሚነሣ አንድ የማይጠየቅ ኃያል ቢገዛ ይሻላል የሚል ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የፊትናን እሳት ያዩ ዑለማዎችም ግፈኛ መሪ ረጅም ዘመን ቢገዛ መሪ ከሌለባት ከአንዲት ሌሊት ይሻላል የሚለውን አባባል ተቀብለውታል። የሚንቃቸው ሰው ደም አላየም። ነገር ግን እነዚያ ዑለማዎች «ታገሡ» ሲሉ «ግፉ ትክክል ነው» ማለታቸው አልነበረም። በአላህ ላይ በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ የለም የሚለውን ወሰን አላነሡም። ሆብስ ግን ወሰኑን አነሣው፤ ኃያሉ የሚያደርገው ሁሉ ግፍ ሊባል አይችልም አለ። በትዕግሥትና በማጽደቅ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ሰፊ ነው።

«ይህ የክርስቲያኖች ጣጣ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል ካለ ወደ ኢራን ይመልከት። በ1906 ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ተከታዩ ንጉሥ ሙሐመድ ዐሊ ሻህ በቁርኣን ምሎ ሊያከብረው ቃል ገባ። በጁን 1908 በአንድ ሩሲያዊ ኮሎኔል የሚመራ ጦር ልኮ የሸንጎውን ሕንፃ በመድፍ አስደበደበ። ታብሪዝ ተከብባ በረሃብ ተቆላች። ዑለማው ለሁለት ተከፈለ። ከነጀፍ ሆነው ሥልጣን አማና ስለሆነ በሕግ መገደብ አለበት ብለው የጻፉ ነበሩ፤ ሸንጎውን ከሸሪዓ ውጭ ነው ብለው ከሻህ ጎን የቆሙም ነበሩ። በጁላይ 1909 ሻሁ ወረደ። አሸናፊዎቹም ሸይኽ ፈድሉላህ ኑሪን በአደባባይ ሰቀሏቸው። በ1911 መጨረሻ የሩሲያ ጦር ዛቻ ሸንጎውን አስዘጋው። መሐላ ፈረሰ፤ ደም ፈሰሰ፤ ባዕድ ገባ። ከእንግሊዙ የሚለየው መጽሐፉ ብቻ ነው። መጽሐፍ ላይ እጅ መጫን ያልታመነውን እጅ ታማኝ አያደርገውም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? አቡበክር (ረ.ዐ.) በ632 ኸሊፋ ሲሆኑ ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር በትክክል ከሠሩ እንዲረዷቸው፣ ካጠፉ እንዲያቀኗቸው፣ አላህንና መልእክተኛውን ከታዘዙ ብቻ እንዲታዘዟቸው ሕዝቡን ጠይቀዋል። ልብ እንበል፤ ይህን የተናገሩት ተሸንፈው አይደለም፤ ማንም ሰይፍ አልመዘዘባቸውም። ኃይል በእጃቸው በገባበት ሰዓት ራሳቸውን አሰሩ። ቻርልስ የፈረመው ገንዘብ ሲቸግረው ነው። ፓርላማው ስለ ሕግ የጮኸው ሲገፋ ነው። ሁለቱም ሲበረቱ ቃላቸውን በሉ።

በ661 ደግሞ ሐሰን ኢብኑ ዐሊ (ረ.ዐ.) አርባ ሺህ ሰው ቢከተላቸውም ባይከተላቸውም ሳይሉ የሙስሊሞች ደም እንዳይፈስ ሥልጣናቸውን ለሙዓዊያ (ረ.ዐ.) ለቀቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእርሳቸው አማካይነት ሁለት ታላላቅ የሙስሊም ወገኖች እንደሚታረቁ አስቀድመው መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግቧል። ቻርልስ የዚህን ሩቡን ያህል ልብ ቢኖረው ኖሮ ስንት ቤት በዳነ! ነገር ግን እውነቱን እስከ ጥጉ እንናገር። ሥልጣን ለቆ መታረቅም ብቻውን አልበቃም። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈና ከርበላ ተከተለ። የአንድ ደግ ሰው ልግስና ለአንድ ትውልድ ሰላም ይገዛል፤ ቀጣዩን ትውልድ የሚጠብቀው ግን ደግ ሰውም ክፉ ሰውም እኩል የሚታሰርበት ሥርዓት ነው።

እንግሊዞች ወደዚህ የደረሱት ዞረው ነው። ክሮምዌል በ1658 ሞተ፤ በ1660 የተሰየፈው ንጉሥ ልጅ ተጠርቶ ነገሠ፤ በ1661 የክሮምዌል ሬሳ ከመቃብር ወጥቶ ተሰቀለ። በ1689 የመብቶች ሕግ ወጣ፤ ንጉሥ ያለ ፓርላማ ሕግ አያግድም፣ ግብር አይጥልም፣ በሰላም ጊዜ ጦር አያቆምም። ከዚህ አንዳንዱ በ1641 በፊርማ የተገኘው ነው። በመሐሉ 48 ዓመትና ያ ሁሉ ሬሳ አለ። ያም ሆኖ ነፃነቱ ለሁሉ አልነበረም፤ ካቶሊኮች ፓርላማ ለመግባት እስከ 1829 ጠብቀዋል።

«የ1649ኙ ሰይፍ ባይኖር የ1689ኙ ሕግ መቼ ይመጣ ነበር? ነገሥታቱ ሕግ ያከበሩት የአባታቸውን አንገት እያስታወሱ ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። ፍርሃት ንጉሥን እንደሚያስታግሥ እቀበላለሁ። ነገር ግን ሰይፉ ንጉሡን አስታገሠ እንጂ ሰይፈኛውን አላስታገሠም። እሱን ያስታገሠው ሞት ብቻ ነው። ሰይፍ ያልታሰረን ሰው ይጥላል፤ ማሰር ግን አይችልም። የሚያስረው ውል ነው፤ ውልን የሚያቆመው ደግሞ አማና ነው። አማና በደካማነት ቀን አይፈተንም፤ ደካማ ሁሉ ፍትሕ ወዳድ ነው። የሚፈተነው ቁልፉ በእጃችን በገባ ማግሥት ነው።

ስለዚህ ለሁለቱ ወንድሞቼ መልሴ ይህ ነው። ለመጀመሪያው፦ ጠንካራ መሪ ደግ ነው፤ እሱን የሚጠይቀው ከሌለ ግን የምትመርጠው ደግነቱን ሳይሆን ዕድልህን ነው። ለሁለተኛው፦ ግፈኛን ለመጣል ከመነሣትህ በፊት አንተን ማን እንደሚይዝህ ንገረኝ። መልስ ከሌለህ ሌላ ግፈኛ እያዘጋጀህ ነው።

ይህ የነገሥታት ነገር ብቻ አይደለም። ሁላችንም እረኞች ነን፤ ሁላችንም ስለ መንጋችን እንጠየቃለን። የእድር ሊቀመንበሩ፣ የመስጊድ ኮሚቴው፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊው፣ በቤቱ ያለው አባወራ፣ እኔም ይህን አምድ የያዝኩት ጭምር። የጀመዓ ገንዘብ የያዘ ወንድም ሒሳብ ሲጠየቅ «አታምኑኝም ወይ?» ብሎ ከተቆጣ ትንሹ ቻርልስ ከመካከላችን ነው። እሱን በጩኸት አውርዶ የተካው ደግሞ በዓመቱ ሒሳብ ካልመረመረ ትንሹ ክሮምዌልም ሩቅ አይደለም።

ሰማይ አሁንም አይታረስም። ንጉሥ ግን ይከሰሳል፤ በዱንያ ዳኛ ቢያጣ በአኺራ አያጣም። የሚሻለው ያ ቀን ሳይመጣ፣ ደምም ሳይፈስ፣ ኃይል በእጁ እያለ ራሱን ለሕግ የሚሰጥ መሆን ነው። አላህ ቃላቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።